ከመናኸሪያ ከመውጣታችን በፊት አምስት ደቂቃ

ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለስ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ ሎሚ ያዙ ይላል፤ ሌላው ከኋላ ወንበር ራቁ ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ ገንዘብሽን ሁለት ቦታ ቋጥሪው ትላለች። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ዕቃዬን ከደሴ አምጥቼ መካነ ሰላም ላይ የምሸጥ፣ ልጆቼን በዚሁ መንገድ ገቢ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ምክሩን ሰምቼዋለሁ፤ ለሌላውም አውርሼዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን የምንመካከረው ሁሉ ስለየራሳችን ሆድ፣ ስለየራሳችን ሻንጣና ስለየራሳችን ወንበር ስለሆነ ነው። አብረን ስለተሳፈርንበት መኪና የሚናገር ጠፍቷል።

መጀመሪያ መንገዱን ለማያውቀው ላስረዳ። ከመካነ ሰላም ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። የቦረና ወረዳን ለቅቀን ወደ ለጋምቦ ወረዳ ስንወጣ አየሩ ይለወጣል፤ ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ፈሪት ተራራ የሚገኝበት ደጋ ነው። አቀስታን አልፈን ወደ ጉጉፍቱ ስንቀርብ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይታያል። በክረምት ደግሞ ጉሙ ከመንገዱ ላይ ይተኛል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን ወደ መስታወቱ አስግጎ ነው የሚነዳው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ጋቢያችሁን ወይም ጃኬታችሁን ፖርቶ መጋላ ላይ አታስጭኑት። አንዴ ከተጫነና ሸራው ከታሰረ ደሴ እስኪደረስ አይወርድም።

ወንበር የመምረጥ ዕድል ካላችሁ በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ያለውን ያዙ። የኋላው ወንበር በየጉድጓዱ ያነጥራል፤ አቧራውም ወደዚያው ይሰበሰባል። ጎማው አናት ላይ ያለው ደግሞ እግር አያዘረጋም። መኪና የሚያማችሁ ከሆነ ሌሊት ተነስታችሁ ቅባት ያለው ወጥ አትብሉ፤ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ይበቃል። ጤና አዳም ወይም ሎሚ እያሸተቱ መሄድ ለብዙ ሰው ይረዳል፤ እኔን የሚያድነኝ ዝንጅብል ማኘክ ነው። ፌስታል ከረዳቱ አትጠብቁ፣ በኪሳችሁ ይኑር። ስልካችሁን ትታችሁ ከሩቅ ያለውን ተራራ ተመልከቱ። ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ ቴሌ ብር ከመጣ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ በመቀነት ቋጥሮ መሄድ እየቀረ ነው።

መድኃኒት ግን በእጅ መያዝ አለበት። በአንድ ክረምት ናዳ መንገዱን ዘግቶብን ስንቆም፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው የአንድ አባት መድኃኒት ከላይ ከጤፍ ጆንያ ሥር ነበር። ወጣቶች በዝናብ ወጥተው ገመዱን ፈትተው ግማሹን ጭነት እስኪያወርዱ ድረስ እኚያ ሰው በጣም ደክመው ነበር። አብሯቸው የነበረው ልጃቸው ከእኛ ጋር ሆኖ ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ሕመምተኛ ይዛችሁ ወደ ደሴ የምትሄዱ ሁሉ መድኃኒቱን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የራጁን ፊልም ከጭናችሁ ላይ አታውርዱ።

ሌላው የቀን ነገር ነው። ኤምባሲ ቀጠሮ ያለው፣ አውሮፕላን የሚሳፈር፣ ፈተና የሚቀመጥ ሰው በዚያው ቀን እደርሳለሁ ብሎ አይነሳ። ድሮም ናዳና ብልሽት ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ማታ ደውላችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያችሁን አትርሱ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ትኖራለች። ልጆቿ ራሳቸውን ከቻሉ ወዲህ በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች መጓዝ ትወዳለች፤ ስንደዋወልም የመንገድ ወሬ አናጣም። የሚገርመው፣ መርከብ የሚያዘወትሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚመካከሩት ከእኛ ብዙም አይለይም። ባሕሩ ሲናወጥ የማይንጠው ክፍል መርከቧ መካከል ዝቅ ብሎ ያለው ነው ይላሉ። ሻንጣ ለሠራተኞች ተሰጥቶ ወደ መኝታ ክፍል እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚወስድ መድኃኒትና ፓስፖርት በእጅ ቦርሳ ይያዛል። መርከብ አርፍዶ የመጣን ሰው ስለማይጠብቅ ወደቡ ካለበት ከተማ አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ይመከራል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ የእኛን መንገድ የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

አንዱ ግን ከእኛ ዘንድ የለም። መርከቧ ከወደብ ከመነሳቷ በፊት ተሳፋሪው ሁሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ አደጋ ቢደርስ የት እንደሚሰበሰብ ይነገረዋል፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ አለባበስ ይታያል፤ እያንዳንዱ መስማቱ ይመዘገባል። የቀረ ሰው ካለ ተፈልጎ ይጠራል። የአክስቴ ልጅ ስንት ጊዜ ብትሳፈርም ከዚህ አታመልጥም። «አውቀዋለሁ ብል ማን ይሰማኛል» አለችኝ።

ይህ ደንብ የጠነከረው በሰው ሞት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች የጣሊያን መርከብ ከ4,200 በላይ ሰው ይዛ ስትጓዝ በጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ተጋደመች፤ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ምሽት ከሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩ ወደ 700 የሚጠጉ መንገደኞች ይህን የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ሕግ አልተጣሰም፤ የዚያን ጊዜው ሕግ «ከተሳፈሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደረግ» ይል ስለነበር፣ ለማግስቱ ተቀጥሮ ነበር። መርከቧ የተጋጨችው ግን ከወደቡ ከወጣች ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላት ነው። የመርከብ ኩባንያዎች በሳምንታት ውስጥ ልምምዱን ከመነሳት በፊት አደረጉት። በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከ2015 መግቢያ ጀምሮ፣ በእኛ ታኅሣሥ 2007 መሆኑ ነው፣ ይኸው ግዴታ ሆነ።

እኛም ሙታን አሉን። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. እዚሁ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል፤ ከመካከላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ደቡብ ወሎ አልቅሷል፣ ሬዲዮው ተናግሯል፣ ተዝካሩ ወጥቷል። ተሳፋሪ ሆኜ ስገባ የሚነገረኝ ነገር ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አንድ ነው፦ «ጠጋ በሉ!»

መኪናው ውስጥ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሩ ላይ «የመጫን ልክ» ተብሎ ቁጥሩ በቀለም ተጽፏል። ከመናኸሪያ ስንወጣ ቁጥሩ ልክ ነው። ከከተማው ጫፍ ካለፍን በኋላ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ ይደረደራል፤ ጀሪካን ላይ የሚቀመጥም አለ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ይላል፤ ትልልቅ ሰዎች፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ትርፍ መጫን በትራፊክ ደንብ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ሾፌር የለም። ቀበቶው ካለ ከወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ታስሯል፤ የመስታወት መስበሪያው መዶሻ ከቦታው ተነስቷል፤ የእሳት ማጥፊያው ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ዕቃ ተጭኖበታል። አደጋ ቢመጣ መተላለፊያው በሰውና በጆንያ ተዘግቷል፤ ከኋላ ያለው በየት ይወጣል?

የምጠይቀው አምስት ደቂቃ ነው። መኪናው ሞልቶ የመውጫ ወረቀት ከመቆረጡ በፊት ረዳቱ ወይም የስምሪት ሠራተኛው በሩ ላይ ይቁምና ይናገር። ሾፌሩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ፣ የመጫን ልኩ ስንት እንደሆነ፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር፣ በሩ ባይከፈት በየት እንደሚወጣ፣ የእሳት ማጥፊያውና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ የት እንዳለ፣ ሾፌሩ የት ቆሞ እንደሚያርፍ፣ ትርፍ ቢጫን ወይም ሾፌሩ ቢፈጥን በየትኛው ስልክ እንደሚደወል። ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ካለ ይጠየቅና ወንበር ይስተካከል። ይኸው ነው።

ወሎ ውስጥ መኪና ሲነሳ ዝም ብሎ የሚሄድ የለም። አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ቢስሚላህ ይላል፣ ሽማግሌ ካለ ያደርሰን ብሎ ይመርቃል፤ ሁላችንም አሜን እንላለን። ዱዓውና ጸሎቱ ባለበት ላይ ይህ ቢጨመር የሚከብደው ሰው አይኖርም።

ጊዜ ይባክናል የሚል ሾፌር ይኖራል። መኪናው እስኪሞላ አንድም ሁለትም ሰዓት ተቀምጠን እንጠብቃለን፤ አምስቱ ደቂቃ ከዚያ ላይ ይነሳ። መኪናችን መዶሻም ቀበቶም የለውም የሚልም ይኖራል። እንግዲያው የለውም ብሎ በአርባና በሃምሳ ሰው ፊት ይናገር። ባለንብረቱ ያኔ ያስገባዋል፤ አሁን ግን የሚጠይቀው ስለሌለ ነው ያላስገባው።

የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን አልሸሽም። ትርፍ አይጫን ስል፣ ገበያ ውላ ልጅ አዝላ መንገድ ዳር የቆመችውን ሴት ትተናት እንለፍ ማለቴ ነውን? ከለጋምቦ ገጠር ምጥ የያዛትን ይዘው በቃሬዛ የወጡ ሰዎች የምንሳፈርበትን መኪና ሲያስቆሙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ማንም ጥሎ አይሄድም፣ መሄድም የለበትም። ግን ለእሷ የሚነሳላት ጤነኛ ሰው ይኑር፤ ወርዶ የሚቀጥለውን መኪና የሚጠብቅ ጎልማሳ ይኑር። ሰው በሰው ላይ ሲደረብ እኮ በምጥ ያለችውም አብራ አደጋ ውስጥ ነው የገባችው። ከዚያ በተረፈ በገበያ ቀን ሰው እንደሚበዛ ሁሉም ያውቃል፤ ለዚያ ቀን ተጨማሪ መኪና መመደብ የስምሪት ሥራ ነው። የትርፍ ሰው ችግር ግማሹ በአዛኝነት ስም የሚሸጥ ወንበር ነው፤ ያ ትርፍ ገንዘብ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባም እናውቃለን።

ሾፌሮቹን ብቻዬን አልከስም። አቀስታ ላይ ቡና ልጠጣ ብሎ የቆመውን ሾፌር «መሸብን እኮ!» ብለን የምናስነሳው እኛ ተሳፋሪዎች ነን። ሌሊት ተነስቶ ዳገትና ቁልቁለት ሲታገል የመጣ ሰው ዓይኑ ይደክማል፤ ቡናውን በሰላም ይጠጣ። ሲፈጥን ደግሞ ዝም አንበል። ጩኸት ሾፌርን ያናድዳል፤ እኔ የሠራ ያየሁት የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ወደ ጊምባ ስንቃረብ አንድ ሼህ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አድርገው «ልጄ፣ ረጋ በል፤ የሰው ልጅ ይዘሃል፤ አደራ» አሉት። ደሴ እስክንደርስ ማርሹን ከባድ ላይ አድርጎ በቀስታ ነዳ። መንገዱን የምናውቅ ሰዎች ይህን ማለት የእኛ ድርሻ ነው።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ከተከፈተ ወዲህ ከሩቅ አገር የሚመጡ ልጆች አብረውን ይሳፈራሉ። ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ብርድም ጠመዝማዛም አይተው አያውቁም። ቀጭን ሹራብ ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ከላይ አስጭነው፣ ስልካቸውን እያዩ ሲያማቸው እናያለን። አጠገባችሁ አዲስ ልጅ ከተቀመጠ ጋቢውን አጋሩት፣ ቀበቶውን ፈትታችሁ አሳዩት፣ መውጫውን ጠቁሙት።

የመካነ ሰላም፣ የአቀስታና የደሴ መናኸሪያ ኃላፊዎች፣ ይህን ለመጀመር በጀት አያስፈልጋችሁም፤ ከላይ ደብዳቤ እስኪመጣም መጠበቅ የለባችሁም። ረዳቱ ሳይናገር የመውጫ ወረቀት አትስጡ። አንባቢዎቼም፣ በሚቀጥለው ጉዟችሁ ረዳቱ ዝም ካለ እናንተ ጠይቁት፦ ስንት ሰው ነን? በየት ነው የምንወጣው? መልስ ሳታገኙ መኪናው አይነሳ።