ቀላል ሳይለንሰር ለማን ጆሮ?

ቡሬ ላይ በቆሎው እሸት ሲይዝ ሌሊቱ የዱር አሳማና የጃርት ነው። ከመቱ ተነስቶ በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ቆላ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ ማማ ላይ ያድራል። ቆርቆሮ ይመታል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጣራል። ሲነጋ ዝንጀሮና ጦጣ ተራውን ይረከባሉ። የዚህ ሰው መሣሪያ ድምፅ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ እንዲያድን አይፈቅድለትም፤ እሱም ቢሆን የሚፈልገው አውሬው እንዲርቅለት ብቻ ነው። ለእሱ ድምፅ የማይሰማ ጠመንጃ ማለት ዝናብ የሚያስገባ ጃንጥላ ነው።

ይህን ማስቀደም ያስፈለገው፣ የአደን ጠመንጃ ሳይለንሰር በተነሳ ቁጥር «ገበሬውም ይጠቀምበታል» የሚል ክርክር ስለማይጠፋ ነው። አይጠቀምበትም። ጉዳዩ የሌላ ሰው ነው፤ በዶላር ከፍሎ ደጋ አጋዘን ወይም ጎሽ ሊያድን የሚመጣው እንግዳና አብረውት ጫካ የሚገቡት ኢትዮጵያውያን።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይጮኻል። አንደኛው ፊልም አይቶ ያደገ ነው። ሳይለንሰር ሲባል የሚታየው ጥቁር ኮት የለበሰ ነፍሰ ገዳይና «ፊት» የምትል ድምፅ ናት። ይህ ተረት ነው። 375 ማግነም የሚባለው ትልቅ የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ አፈሙዙ ጋ ያለው ድምፅ ከ160 ዴሲቤል ያልፋል። ጥሩ ማፈኛ ከዚህ ላይ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የቀረው አሁንም የሚያስደነግጥ ተኩስ ነው። ጥይቱ በሰከንድ ወደ 800 ሜትር ይበራል፤ ድምፅ ራሱ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጥይቱ በአየር ላይ የሚያሰማውን ስንጥቅታ ማንም ማርሚታ አያፍነውም።

ማርሚታ የሚለው ቃል እዚህ ጋ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ሳይለንሰርን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የሠራው መኪና ጭስ ከሚያወጣበት ቱቦ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ ጋዙ ከክፍል ወደ ክፍል እየሰፋና እየቀዘቀዘ ይወጣል። አባቱ ደግሞ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈጠረው ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም ነው። አባትየው የገዛ መሣሪያዎቹ ጩኸት ጆሮውን አደንቁሮት ነው ያረጀው። የዕቃው ጥቅም በዚያ ቤት ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ጯሂ ካታሎግ ያነበበው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሳይለንሰር ተራ የአደን ዕቃ ነው ይላል፤ እውነት ነው። አሜሪካ ከ1934 ጀምሮ ስታስከፍል የኖረችውን 200 ዶላር ቀረጥ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዜሮ አድርጋለች ይላል፤ ይህም እውነት ነው፣ ምዝገባው እንዳለ መቅረቱን ግን አይነግርህም። ከዚያ ወደ ሚወደው ርዕስ ይሄዳል፦ ግራም። ይሄኛው 480 ግራም፣ ያኛው 310። ቲታኒየም እንጂ ብረት አትግዛ። አጠር ያለውን ውሰድ።

ጠቡ ያለው ከዚህ የግራም አምልኮ ጋር ነው።

ቀላልነት ዋጋ የለውም የሚል የለም። ማፈኛው የሚንጠለጠለው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ስለሆነ እዚያ የተጨመረች እያንዳንዷ ግራም ክንድ ላይ ትከብዳለች። ባሌ ተራራ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲታኒየም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ብረት 7.8። በቀን አንድ ሁለት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ቲታኒየም ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የሚጎዳው በተከታታይ ተኩስ ሲግል ነው። አሉሚኒየም ደግሞ የባሰ ይቀልላል፣ ግን የትልቅ ጥይት ጋዝ የመጀመሪያውን ክፍል ይበላዋል። ለ375 እና ከዚያ በላይ መታሰብ የለበትም።

ነገር ግን ክብደት በሁለት መንገድ ይቀንሳል። አንዱ የተሻለ ማዕድን መጠቀም ነው። ሌላው ዕቃውን ማሳጠርና ማጥበብ ነው፤ ይህ ሲሆን ጋዙ የሚሰፋበት ቦታ ያንሳል፣ ድምፁም ይጨምራል። ሻጩ ሁለቱንም «ቀላል» ብሎ ይሸጣል። አራት ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ላይ 200 ግራም መቀነስ ማለት አምስት በመቶ ነው። 10 ዴሲቤል ማጣት ግን ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት በአሥር ማባዛት ነው። ይህን ሒሳብ እያወቀ በግራም የሚመርጥ ሰው የሚመርጠው በሌላ ሰው ጆሮ ነው።

ምክንያቱም አዳኙ የራሱ ጆሮ ተሸፍኗል። የሰው ንግግር እያሳለፈ ተኩስ ሲመጣ የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ መሸፈኛ አለው። ዱካ ፈላጊው የለውም። ለተኳሹ የእንጨቱን መደገፊያ አቁሞ ከአፈሙዙ አጠገብ የሚንበረከከው እሱ ነው፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ መስማት ስላለበትም ጥጥ እንኳ አይጠቀጥቅም። እንደዚህ ያለ ድንገተኛ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ሲያልፍ አንዴም ቢሆን ሊጎዳ ይችላል፤ የሞቱት የውስጥ ጆሮ ፀጉሮች ተመልሰው አይበቅሉም። መስማት እንጀራው የሆነ ሰው መስሚያውን ለአንድ ሰው ቀንድ ይከፍላል። የርግጫ ማቅለያ ብለው ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ የሚበትነውን ቀዳዳ ብረት የሚገጥሙት ደግሞ ይብሳሉ፤ ለተኳሹ ትከሻ የተረፈው ሁሉ የጎረቤቱ ፊት ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ምርጫው በቅደም ተከተል መሆን አለበት። መጀመሪያ የቀዳዳው ስፋት፤ የ375 ጥይት 9.5 ሚሊ ሜትር፣ የ458ቱ 11.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ7.62 የተሠራ ማፈኛ እዚህ ላይ ቢገባ ይፈነዳል። ቀጥሎ አምራቹ ለዚያ ጥይት ጉልበት ዋስትና መስጠቱ፣ የጥርሱ ልክና ቀጥ ብሎ መግጠሙ። ከዚያ ድምፁን ምን ያህል እንደሚቀንስ። ርዝመቱም ይታይ፣ እንደ ኢሉባቦር ባለ ጥቅጥቅ ጫካ 20 ሴንቲ ሜትር የረዘመ አፈሙዝ ሐረግ ሁሉ ይይዘዋል፤ ለዚህ ወደ ኋላ በርሜሉን ለብሶ የሚቀመጠው ዓይነት ይሻላል። ግራሙ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ከተገጠመ በኋላ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚቀየር ዒላማ ላይ ሳይሞክሩ አውሬ ላይ መተኮስ ነውር ነው።

የሚቀረው ተቃውሞ አንድ ነው፣ እሱም ከባድ ነው፦ ሕገ ወጥ አደን። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ውስጥ አውራሪስ የጨረሱት ሰዎች በ375ና በ458 ጠመንጃ ላይ ማፈኛ ገጥመው ነው የገቡት። ማፈኛ ተኩሱን ባያጠፋውም ከየት እንደመጣ ያደናግራል፤ ለፓርክ ጠባቂ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጋምቤላ በኩል መሣሪያ እንደ ጨው በሚዘዋወርበት አገር «እንደ ኖርዌይ ይሁንልን» ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ ገበያው ዝግ ይሁን፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መንፈስ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በፌዴራል ፖሊስ እጅ እንዳለ ይህም እዚያው ይቆይ።

ገበያ መዝጋትና የዱካ ፈላጊን ጆሮ መጠበቅ ግን አይጋጩም። ማፈኛ የሚፈቀድ ከሆነ ለተፈቀደ አደን ብቻ፣ ከጠመንጃው ጋር በቁጥሩ ቦሌ ላይ ተመዝግቦ ገብቶ፣ በዚያው ቁጥር ተመዝግቦ ይውጣ። የማይፈቀድ ከሆነም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለአደን ድርጅቶች በሚሰጠው ፈቃድ ላይ አንድ መስመር ይጨምር፦ ከተኳሹ ጎን የሚቆም ማንኛውም ሠራተኛ የጆሮ መሸፈኛ ይኑረው፣ ገዢውም ድርጅቱ ይሁን። ዋጋው እንግዳው አዲስ አበባ ሆቴል ለአንድ ሌሊት ከሚከፍለው ያንሳል።