ጠያቂ አጣሁ

ጥርና የካቲት ለአሜሪካ ኮሌጆች ያመለከቱ ልጆች ልባቸው ተሰቅሎ የሚከርምበት ወቅት ነው። ዋግ ውስጥ ሰቆጣ ያለች አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ማመልከቻዋን የላከችው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ የሚማረው የአክስቷ ልጅ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ለቃለ መጠይቅ ቦሌ ካፌ ቀጥሮት ማኪያቶ ጋብዞ ረዘም ላለ ጊዜ አጫውቶታል። ለእሷ የጻፈላት የለም። «ጋሼ፣ እኔን ጥለውኛል ማለት ነው። ሰው የለኝማ!» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ጉዳይ ይዞ ቢሮ የገባ ሰው «እዚያ ማን አለህ?» መባልን ለምዶታል፤ ልጅቷም የምሩቁን ቃለ መጠይቅ በዚያው ዓይን አየችው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለሃርቫርድ፣ ለዬል፣ ለኤም አይ ቲ አመልካቾችን የሚያነጋግሩት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ፈቃደኛ ምሩቃን ናቸው። ፈቃደኛ በሌለበት አካባቢ ያለ አመልካች ሳይጠየቅ ያልፋል፤ በዚህም እንደማይጎዳ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቃለ መጠይቁን እርግፍ አድርጎ ትቶታል፤ ብራውን ደግሞ ተማሪው ራሱን ቀርጾ በሚልከው አጭር ቪዲዮ ተክቶታል። ምሩቃኑ ቦሌና ሳር ቤት ይኖሩ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ሰቆጣ ግን ምሩቅ ጠያቂ ማን አላት?

የዚህ ቃለ መጠይቅ የዘር ሐረጉም ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈተናውን እያለፉ የሚገቡት የአይሁድ ልጆች ሲበዙባቸው፣ ውጤት ብቻ አይበቃም፣ «ጠባይ»ም ይታይ ማለት ጀመሩ። የድጋፍ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ ክብደት ያገኙት በዚያ ጊዜ ነው፤ ያኔ ሰው ማስቀሪያ ነበሩ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን በተከሰሰበት ችሎት፣ አመልካቾቹን ፊት ለፊት ያነጋገሩት ምሩቃን ለእስያ ዝርያ ተማሪዎች የሰጡት የስብዕና ነጥብ ለነጮቹ ከሰጡት እምብዛም እንደማይለይ፣ ወረቀት ብቻ ያነበበው ቢሮ ግን ዝቅ አድርጎ እንደሰጣቸው ከማስረጃዎቹ ወጣ።

ስለዚህ «ምንም አልቀረብሽም» ብዬ አላጽናናትም። የአክስቷ ልጅ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ስለ እሱ ገጽ ሙሉ የሚጽፍ አማካሪም ተቀጥሮለታል። ዓይቷት የሚመሰክርላት ሰው ይበልጥ የሚያስፈልጋት ለእሷ ነበር። ያ ሰው ከሌለ ምስክርነቱ የሚወድቀው ትምህርት ቤቷ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ርዕሰ መምህሩ የጻፉላትን ደብዳቤ በቴሌግራም ላከችልኝ። ሦስት መስመር ነው፦ ተማሪዋ በጠባይዋ ምስጉን፣ በትምህርቷ ታታሪ መሆኗን እንገልጻለን፣ ከሰላምታ ጋር። ክቡ ማኅተም ፊርማው ላይ ተደርቦ ስማቸውን ሸፍኖታል። ፎቶው የተነሳው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ በአንዱ ጥግ የብርጭቆ ጥላ ይታያል። በእኛ ቢሮ ቋንቋ ደብዳቤው ሙሉ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። የዬል ከተማ ኒው ሄቨን ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ያ አንባቢ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ደርሶ ከተማዋ ለወራት በሕወሓት ኃይሎች እጅ እንደነበረች አያውቅም። ይህች ልጅ የ8ኛ ክፍል ትምህርቷን መብራትም ስልክም በሌለበት እንደጀመረች የሚነግረው የለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት እንደቆየ አልሰማም። (ያን ዓመት ምሩቅ ጠያቂ የጻፈለት የዋግ ልጅ ቢኖር እንኳ በምን ያነበው ነበር?) የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተዛወረ ወዲህ ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ መሆኑንም አያውቅም። ይህን ካልነገርነው የሰቆጣ ልጅ 60 ከመቶ ስታመጣ ሰነፍ ትመስለዋለች።

ሌላም አለ። ልጅቷ ተቀባይነት ብታገኝ የማይቀርላት ቃለ መጠይቅ ይጠብቃታል። 185 ዶላር ከፍላ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዛ፣ አሜሪካ ኤምባሲ መስታወት ፊት ትቆማለች። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ አመልካችን ተመላሽ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ እዚያው ሊቀር እንደሚሄድ ይቆጥረዋል፤ ማስረጃው በጥቂት ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቆሞ ነው። ማኪያቶ የለም። ሙሉ ስኮላርሺፕ የያዘም ቪዛ ይከለከላል። አሜሪካ የተማራችሁ የዋግ ልጆች ጊዜ ካላችሁ፣ ያን ሰሞን አንድ ሁለት ማታ ደውላችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቋት። እስከዚያው ኢሜይሏን በየሰዓቱ መክፈቷን ትታ ለማትሪክ ታጥና፤ አገር ቤት ያለው በር የሚከፈተው በእሱ ነው።

ወደ ደብዳቤው ልመለስና፣ ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩላቸው። ከትምህርት ቤቱ ማኅደር የሚያያዝ አንድ ገጽ መግለጫ ያስፈልጋል አልኳቸው፦ ስንት ተማሪ አለ፣ በጦርነቱ ስንት ወር ተዘጋ፣ ስንት አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ። አንዴ ከተጻፈ ከእሷ በኋላ ለሚያመለክተውም ሁሉ ይሆናል። ደግ ሰው ናቸው፣ ወዲያው እሺ አሉ። «እርስዎ አዘጋጅተው ይላኩልኝ፣ እኔ ማኅተሙን አሳርፍበታለሁ» አሉኝ። «አይሆንም ጋሼ፣ እኔ አላስተማርኳትም» ብዬ ተከራከርኩ። በመጨረሻ የሬከርድ ክፍል ሠራተኛዋን አስጠርተው የሦስት ዓመቱን መዝገብ እንድታወጣ አዘዟት። ማመልከቻውን የሚያነቡት እስከ መጋቢት ስለሆነ ጊዜ አለን።