ሌባው ማነው? በአማርኛ እንገምት



ከወር በፊት ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ አንዲት እናት ጠጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ስሰጣት የቤት ሥራ ይመስላታል። ማታ ግን በሯን ዘግታ በእንግሊዝኛ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ስታነብ ታመሻለች። አሁን ደግሞ ‹አንቺም አንብቢና እናውራ› ትለኛለች። እኔ ልቦለድ ካነበብኩ ስንት ዘመኔ! ደግሞስ በእንግሊዝኛ ማንበቤ አማርኛዋን አይጎዳም?»

«ኧረ አይጎዳም፣ እሷ ራሷ ከጠራችሽማ ቶሎ አንብቢ» አልኳት። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሚሆን ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

እነዚህ መጻሕፍት «ኮዚ ሚስትሪ» ይባላሉ። ኮዚ ማለት ሞቅ ያለና የሚመች ማለት ነው፤ ጋቢ ደርቦ፣ ሻይ ይዞ የሚነበብ በሉት። ወንጀል አለ፣ ጭካኔው ግን በዝርዝር አይተረክም። ቦታው ብዙውን ጊዜ ሁሉም የሚተዋወቅበት መንደር ነው። ምስጢሩን የሚፈታውም በአብዛኛው ፖሊስ ሳይሆን ነገር የማያልፈው ጎረቤት ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ስንጫወት አድገናል። በገጠር ደግሞ ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል፣ አጥፊው እስኪታወቅ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ የሚጠያየቅበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበር። በአጋታ ክሪስቲ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሰበሰቡ ሁሌ አውጫጭኝ ነው ትዝ የሚለኝ።

ለአማርኛስ ምን ይጠቅማል? ልጆቻችን ቤት ውስጥ የሚሰሙት አማርኛ በአብዛኛው ትእዛዝ ነው፦ «ብላ»፣ «ተነሺ»፣ «ጫማህን አውልቅ»። ይህንን ጥሩ አድርገው ይሰማሉ። «ዋሽታ ይሆናል»፣ «ሳያየው አይቀርም»፣ «እሱ ቢሆን ኖሮ በሩን አይሰብርም ነበር» ለማለት ሲሞክሩ ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። መጠርጠርና መገመት የሚያስፈልግበት ወሬ ስለማናወራቸው እኮ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ደግሞ ያለ ግምት አይነበብም።

ታዲያ በየትኛው እንጀምር?

ከ7 እስከ 10 ዓመት ላሉት፣ የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «ዘ ግሬት ኬክ ሚስትሪ» ጥሩ ነው። ቦትስዋና ውስጥ ፕሬሸስ የምትባል ልጅ በምትማርበት ትምህርት ቤት ምግብ ይጠፋል፤ ልጆቹም ያለ ማስረጃ አንዱን ልጅ ሌባ ይሉታል። «አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ።

ለ13 ዓመቷና ለእናቷ የመረጥኩት ይኸው ደራሲ በ1998 ያሳተመውን «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» ነው። ፕሬሸስ አሁን አድጋለች። አባቷ ያወረሷትን ከብት ሸጣ ጋቦሮኔ ከተማ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። የውርስ ከብት ሽጦ መርማሪ መሆን! የእኛ ዘመዶች ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አስቡት። ቋንቋው ቀላል ነው፣ ጉዳዮቹም አጫጭር ናቸው። ነገር ግን ባሏ የሚደበድባት ሴትና የጠፋ ልጅ ታሪክ ስላለበት ወላጅ ቀድሞ ያንብበው።

ጠንከር ላሉት የአጋታ ክሪስቲ «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ» (1950) አለ። በመንደሩ ጋዜጣ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤት ግድያ ይፈጸማል» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ጎረቤቱም ጉድ ለማየት ይሄዳል! መርማሪዋ ሚስ ማርፕል በረጅም ልቦለድ ብቅ ያሉት በ1930 ቢሆንም፣ መጻሕፍቱ ለየብቻ ስለሚነበቡ ከመጀመሪያው መነሳት ግድ አይደለም። ሰዎቹ ብዙ ስለሆኑ ግን ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ።

ሌላ መጽሐፍ ብትመርጡም መጀመሪያ 20 ገጽ አንብቡ። እስከዚያ ድረስ ማን ማን እንደሆነ ካልተለየላችሁ ወይም «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» ካላላችሁ፣ ሳትጨነቁ ቀይሩት።

አነባበቡ እንዲህ ነው። እናንተም ልጃችሁም በሳምንት እኩል ምዕራፍ ታነባላችሁ፤ ቀድሞ የጨረሰ አይናገርም። ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ መኪና ውስጥ 15 ደቂቃ ታወራላችሁ። መጽሐፉ በፈለገው ቋንቋ ይሁን፣ ግምቱ ግን በአማርኛ ብቻ! መሐል ላይ እንግሊዝኛ ቢገባባቸው አታቋርጧቸው፤ እናንተ መልስ ስትሰጡ ቃሉን በአማርኛ መልሳችሁ በሉት፣ ይበቃል። መጨረሻ ላይ የተሳሳተ ሰው እንደ እንቆቅልሹ አገር ይሰጣል።

ያቺ እናት ባለፈው ቅዳሜ መጣች። ግምቷ ስቶ ጎንደርን ለልጇ ሰጥታ ነበር። «ቲቸር፣ ልጄ በአማርኛ ተከራከረችኝ እኮ» አለችኝ። «‹ልክ አይደለሽም፣ ምክንያቱም...› ብላ ጀመረች። ‹ምክንያቱም› የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አሁን ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዘናል፤ በሯንም እንደድሮው አትዘጋውም።»

እናንተስ ማንን ጠረጠራችሁ? ቅዳሜ ስትመጡ ንገሩኝ፤ መጨረሻውን ብቻ እንዳትነግሩኝ!