ድንጋይ ያልተሸከምንለት በደል

በጎንደር ዙሪያ ደም ፈስሶ ሽማግሌ ሲገባበት የሚሆነውን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ካህናት መስቀላቸውን ይዘው ይቀድማሉ። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሟች ቤተሰብ ፊት ይቆማል። የሞተው በስሙ ይጠራል፤ የገደለውም አይሸሸግም። ካሳ ይቆረጣል፣ እህል ውኃ አብረው ይቀምሳሉ፣ ደሙ ደረቀ ይባላል። ይህ ሥርዓት ነቀፋ የለበትም አልልም፤ ለእርቁ ማሰሪያ ተብሎ ሴት ልጅ ሳትጠየቅ የተዳረችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ነገር ግን አይስትም። የበደለ ሰው ፊቱን ወደ በደለው ሰው ማዞር እንዳለበት ያውቃል።

ዛሬ ንስሐ ብለን በያዝነው ልማድ ውስጥ ይህ የለም። የምከሰው ልማዱን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሌላ ነው። ትምህርቱ ዘኬዎስን ያስተምራል፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ገባ፣ መዳን ለቤቱ የሆነለትም በዚያው ዕለት ነው። ወንጌሉም መባውን ይዞ መሠዊያው አጠገብ የደረሰ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ እንዲመለስ፣ መጀመሪያ እንዲታረቅ ያዝዛል። እኛ ግን መንገዱን ገልብጠን ይዘነዋል። ወንድማችንን በቆመበት ትተን መባውን እናስገባለን። የሰው ገንዘብ የበላ ነጋዴ ለደብሩ ጥላና ምንጣፍ ይገዛል፣ ዝክር ይዘክራል፤ ገንዘቡን የተበላው ሰው ከዝክሩ ጠበል ጻዲቅ ቢደርሰው ትልቅ ነገር ነው።

አብዛኛው ምእመን የንስሐ አባቱን የሚያየው በዓል ሲደርስ ቤት ለማስረጨት፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ለፍትሐት ነው። በጤናው ተናዞ የሚቆርብ ጎልማሳ በየደብሩ ስንት እንደሆነ ካህናቱ ራሳቸው ያውቁታል። የሚናዘዘውም ቢሆን የሚያቀርበው ዝርዝር የታወቀ ነው፤ ጾም ገድፌአለሁ፣ ረቡዕ ቅቤ ቀምሻለሁ፣ በበዓል ቀን በሬ ጠምጃለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ሴት ደርሻለሁ። እነዚህ ኃጢአት አይደሉም አላልኩም። ጥያቄዬ በዝርዝሩ ውስጥ ሰው የት አለ የሚል ነው። ለምሳሌ በጎንደር ዙሪያ የማክሰኝት አካባቢ ሽምብራ፣ ጤፍና ነጭ ሽንኩርት የሚበቅልበት ጥሩ መሬት ነው፤ መሬቱ ግን ጠቧል፣ ወራሹ በዝቷል። ክረምት ገብቶ ሞፈር ሲወጣ ድንበር ይገፋል፤ በአንድ ዓመት አንድ ክንድ፣ በሚቀጥለው ሌላ ክንድ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው የመበለቲቱ ወይም ከተማ የሄደው ልጅ መሬት ነው። ክሱ ፍርድ ቤት ሲደርስም ምሎ በሐሰት የሚመሰክር ክርስቲያን አይታጣም። ይህ ሰው ሁዳዴን አንድ ቀን ሳይገድፍ ጾሞ ሊሆን ይችላል። ቀኖና ቢሰጠው አርባ አንድ ሰግዶ ይነሣል፤ መሬቱ ግን በእጁ ነው። የሠራተኛዋን ደመወዝ የከለከለችው የቤት እመቤትም፣ ጤፉ ላይ አፈር የቀላቀለው ሻጭም እንዲሁ ናቸው። በደሉ ተገልጦ ሲጠየቁም መልሱ አንድ ነው፤ ሰይጣን አሳስቶኝ። ሰይጣን ያሳስታል፤ የተገፋውን ድንበር የሚያርሰው ግን ሰይጣን አይደለም።

በዚህ ነቀፋ ወንጌላውያን ወንድሞቻችንም ነጻ አይወጡም። በምስክርነት ጊዜ የሚነገረው ኃጢአት ሁልጊዜ ከመዳን በፊት የተሠራው ነው። አምና የተሠራው፣ ከጎረቤት ጋር ያለው፣ አይነሣም።

የግለሰቡ ልማድ እንዲህ ከሆነ፣ በማኅበር የሠራነው በደልማ ማን ፊት ይቅረብ?

ምሳሌ ከዚሁ አካባቢ ታሪክ ልውሰድ። ዐፄ ሱስንዮስ የተቀመጠባት ደንቀዝ፣ ማክሰኝት ዋና ከተማው በሆነችለት በጎንደር ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ናት። ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ፤ በ1626 በኢየሱሳዊው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መገዛቱን በመሐላ አጸና። ካህናቱ እንደ አዲስ ክህነት ይቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ ተባለ። አገር ተነሣበት። በ1632 ወይና ደጋ ላይ ከላስታው መልክአ ክርስቶስ ጋር ተዋግቶ ድል ሲያደርግ 8 ሺህ ያህል ገበሬ ሜዳ ላይ እንደቀረ ተጽፏል። ሬሳው የራሱ ሕዝብ ሬሳ መሆኑ ሲነገረው ልቡ ተሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀ፣ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ንጉሥ ነጋሪት አስመትቶ ያወጀውን ነጋሪት አስመትቶ ሲመልስ በታሪካችን ስንት ጊዜ አይተናል? እኔ ይህን ከታላላቅ ሥራዎቹ እቆጥረዋለሁ።

ሱስንዮስ ግን ሌላም ሬሳ ነበረበት። ካቶሊክነቱን ከመግለጡ ከዓመታት በፊት የአይሁድ እምነት በያዙት በቤተ እስራኤል ላይ ዘመተ። በሰሜን ተራሮች በመሪያቸው በጌዴዎን ሥር የነበሩትን ወጋ፤ በጣና ዳር በደምቢያ የነበሩትን ተጠመቁ ብሎ በሰይፍ አስገደደ፤ ጌዴዎንም በመጨረሻ ተገደለ። ስለዚህ ደም የወጣ የመመለሻ አዋጅ የለም። ዛሬ በስብከታችን የሱስንዮስ ኃጢአት ምንድን ነው? ሮምን መቀበሉ። ሰባኪ በዓውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ጌዴዎን ሕዝብ ሲያዝን ሰምቼ አላውቅም። ይህ መርሳት ብቻ አይመስለኝም። ያንን ደም በካቶሊኮቹ በኢየሱሳውያን ማሳበብ አይቻልም፤ የእኛው ነው፤ ስለዚህ ዝም ተባለ።

ከዚያም በፊት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን አንጠመቅም ያሉት ርስት እንደተነፈጉ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ያድራል። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ሆኑ። ማረሻውንና ማጭዱን፣ ምጣዱንና ጀበናውን ከእነሱ እየገዛን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን። ልጅ ሲታመምብን የበላውን ተናገር እያልን አጨስን። ይህ ያለፈ ወሬ ቢሆን ባልጻፍኩት። አሁንም በጸበል ቦታ በሽተኛው ሲለፈልፍ አንዲት ምስኪን በስሟ ትጠራለች፣ ስሟም ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፣ ልጇን የሚያገባ ይጠፋል። እዚያ የቆመው ካህን መናፍስትን ሲገሥጽ የዚያችን ሴት ስም ከማጥፋት የሚገሥጸው ማን ነው? በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በጸበል ቦታ አይሠራም ያለው ማን ነው? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተዋል። ንጉሥ ያሰበውን ንስሐ አባት ሊያስበው ይገባ ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ። ያስኬዳቸው ነገር ብዙ ነው፤ እምነታቸውና የጥንት ተስፋቸው፣ ጦርነቱ፣ ረሃቡ። ጎረቤቶቻቸው ግን እኛ ነበርን። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ መቶ ዓመት ነበረን።

በጣና ዳር የቀሩ ሌሎችም አሉ። ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ርኩስ ተባሉ፤ ክርስቲያኑ በአንድ ገበታ አልቀመጥ፣ በአንድ ዋንጫ አልጠጣ አላቸው። እስልምናን ተቀብለውም ከሙስሊሙ ወገን ሙሉ መቀበል አላገኙም። በደንገል ታንኳ ግን ስንት መነኩሴ ወደ ገዳሙ ተሻገረ፣ ስንት እንጨትና እህል ተጋዘ! የባሕር ዳር ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ ሲያዝም ከውኃው ዳር ከተገፉት ውስጥ እነሱ ይገኙበታል። በሐይቁ ደሴቶች ላይ ለዘመናት የዓለም ኃጢአት ይሰረይ ዘንድ ሲጸለይ ኖሯል። በዚያ ጸሎት ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የሚቀርብ ኑዛዜ ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የቅርቡ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ ሙስሊም አባት ቀብር የተነሣ ግጭት ተስፋፍቶ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፤ መስጊዶች ተጠቁ፣ ሱቅ ተዘረፈ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ትንሣኤ የዋለው እሑድ ነው። 55 ቀን ጾመን፣ ሰሙነ ሕማማትን ሰግደን፣ በስቅለት ዕለት በወይራ ቅጠል ተጠብጥበን ከወጣን ገና ሳምንት አልሞላንም። ግጭቱን ማን ጫረው የሚለው ያከራክራል፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ተጎድቷል። ከዚያ በኋላ የሰማነው ግን አንድ ዓይነት ነው። ይህን የሠራ ክርስቲያን አይደለም፤ ሌላ እጅ አለበት። እንዲህ ማለት ለጊዜው ያረጋጋ ይሆናል። የሚያስከትለው ግን ከባድ ነው፤ በደለኛው ከእኛ አይደለም ከተባለ ከእኛ መካከል የሚናዘዝ አይገኝም። መስጊድ ላይ እሳት የለኮሰ ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ያደረ ነው፣ እናት አለው፣ የንስሐ አባት አለው። ያ ሁሉ ጾም ያንን ልጅ በዚያች ማክሰኞ እጁን እንዲሰበስብ ማድረግ ካልቻለ፣ ምን እያስተማርነው እንደነበር መመርመር ያለብን እኛ ነን።

የሚሰነዘረውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ፣ ቀላልም አይደለም። አብያተ ክርስቲያናት እየተቃጠሉ፣ ካህናትና ምእመናን እየታረዱ ባሉበት ዘመን ገበናን ማውጣት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው ይባላል። የተገደሉብን ሰዎች አሉ፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ነገር ግን መበደል የበደልነውን አያጠፋልንም። ግፍ የደረሰበት ሰውም ግፍ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሠራም አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ለደረሰበት ይካሳል፣ ለሠራው ይናዘዛል። ዝምታችን ደግሞ ከጠላት ያዳነን ነገር የለም። ያልተናዘዝነውን ሌላው ያውቀዋል፤ አጋንኖም ይነግርልናል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ንስሐ የግል ነው፣ የሞቱ ሰዎች ለሠሩት እኛ አንጠየቅም የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ደብረ ሊባኖስን ያስብ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ትእዛዝ የገዳሙ መነኮሳትና ዲያቆናት ሲረሸኑ በኢጣልያ የነበሩ የካቶሊክ ጳጳሳት ወረራውን ባርከው ነበር። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቫቲካን ስለዚህ ይቅርታ እንድትጠይቅ ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል፤ ትክክል ናቸው። ጥያቄያቸው የቆመው ግን ቤተ ክርስቲያን በማኅበርዋ ልትበድል ትችላለች፣ አባቶች የሠሩትንም ልጆች ሊናዘዙት ይገባል በሚል እምነት ላይ ነው። ይህ እምነት ለሮም ሠርቶ ለእኛ አይሠራም ማለት አይቻልም። የጀርመን ፕሮቴስታንቶች በጥቅምት 1945 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት ተሰብስበው ጥፋታቸውን አምነዋል። የሩዋንዳ ካቶሊክ ጳጳሳት በ2016 እ.ኤ.አ. ምእመኖቻቸው በዘር ማጥፋቱ ለነበራቸው እጅ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሁለቱም ያሉት ብዙ የጎደለው፣ በጊዜውም የተተቸ ነው፤ ግን ጀመሩት።

እኛም ዘንድ ጅምር አለ። ቅዱስ ሲኖዶስ በ2015 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ስለተደረገው ዝምታ የትግራይን አባቶችና ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስም ወደ መቀሌ ተጓዙ። የትግራይ አባቶች አልተቀበሏቸውም። ያኔ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ይቅርታ ከተጠየቀ ሌላ ምን ይፈለጋል አለ። ይህ ቁጣ ስለ ንስሐ ያለንን መረዳት ገልጦታል። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎቻችን እንኳ አንድ ጊዜ ሄደው የሟች ቤተሰብ ሲያባርራቸው ድንጋዩን አውርደው አይሳደቡም። ነገ ተመልሰው ይሄዳሉ። መቀበል የተበዳዩ መብት ነው፤ የእኛ ድርሻ ደጋግሞ መሄድ ነው።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም። በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም በፊት ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን እንጾማለን። ነነዌ ከንጉሥ እስከ ከብቷ በአንድነት የጾመች ከተማ ናት፤ የተመለሰችውም በእጇ ከነበረው ግፍ ነው። በሚቀጥለው ነነዌ በማክሰኝት፣ በአዘዞና በባሕር ዳር አብያተ ክርስቲያናት ዓውደ ምሕረት ላይ የቤተ እስራኤል፣ የነገደ ወይጦና የባለ እጆቹ ስም ይጠራ፣ የጎንደር ሙስሊም ሟቾችም ይታሰቡ፤ በእነሱ ላይ ምን እንደሠራን በግልጽ ይነገር። ከመካከላቸው በአጠገባችን ያሉትን ሽማግሌና ካህን ሄዶ ይጠይቃቸው። የንስሐ አባትም ጾም ስለመግደፍ ከመጠየቁ አስቀድሞ የማን ድንበር ገፋህ፣ የማንን ስም አጠፋህ፣ የማን ደመወዝ እጅህ ላይ ነው ብሎ ይጠይቅ። ተናዛዡ መሬቱን ሳይመልስ ስግደት አይስጠው። ተናዛዡ መሬቱን መልሶ፣ ከባለቤቱ ጋር ታርቆ እስኪመጣ ድረስ ካህኑ እግዚአብሔር ይፍታህ ማለቱን ያቆየው።