ኑክሌርና «አለቃዬ፣ ይህ አይሆንም» የሚል ባለሙያ

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አገሪቱ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንደምትገነባ ይፋ አደረጉ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ውስጥ ተፈረመ፡፡ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር የምሰማቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፡፡ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ቴክኖሎጂው ምን ያህል አስተማማኝ ነው? ቆሻሻውስ የት ይወገዳል? ሦስቱም ተገቢ ናቸው፡፡ እኔ ግን አራተኛ ጥያቄ አለኝ፡፡ በማመንጫው የቁጥጥር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ወጣት መሐንዲስ አደጋ ሲታየው አለቃውን «ይህ አይሆንም» ማለት ይችላል ወይ? ካለስ በኋላ ምን ይገጥመዋል?

ጥያቄው ከቴክኖሎጂው አንጻር ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፡፡ ሆኖም ዓለም የሚያውቃቸው ሦስት ትልልቅ የኑክሌር ማመንጫ አደጋዎች ሲመረመሩ፣ መርማሪዎቹ ከማሽኑ ጀምረው በመጨረሻ የደረሱት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የመጀመሪያው በመጋቢት 1979 በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኘው ስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ የደረሰው ነው፡፡ መዘጋት የነበረበት አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረና የማቀዝቀዣው ውኃ በዚያ ይወጣ ጀመር፡፡ በሰሌዳው ላይ ያለው መብራት የሚያሳየው ግን «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም፡፡ ኦፕሬተሮቹ ውኃው የበዛ ስለመሰላቸው የአደጋ ጊዜውን ውኃ ቀነሱት፡፡ ከማብላያው ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ፡፡

ታዲያ ጥፋቱ የኦፕሬተሮቹ ነው? ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ በመስከረም 1977 ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ፣ እዚያም ኦፕሬተሮቹ ውኃውን ቀንሰው ነበር፡፡ ማብላያው በዝቅተኛ ኃይል ይሠራ ስለነበር ያለ ጉዳት አለፈ፡፡ የሁለቱም ማብላያዎች አምራች የባብኮክ ኤንድ ዊልኮክስ መሐንዲስ የነበሩት በርት ደን በ1978 መጀመሪያ ላይ ማስታወሻ ጽፈው ኦፕሬተሮች ይህን ስህተት እንዳይደግሙ መመሪያ እንዲተላለፍላቸው አሳሰቡ፡፡ ማስታወሻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከዓመት በላይ ሆነው፤ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ኦፕሬተሮቹ ዘንድ አልደረሰም፡፡ ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙት የኬሜኒ ኮሚሽንም መሠረታዊው ችግር ከመሣሪያው ይልቅ ከሰዎቹና ከድርጅቶቹ አሠራር ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ፡፡ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ «ለሚመለከተው ይተላለፍ» ተብሎበት መንገድ ላይ የቀረ ደብዳቤ ያውቃል፡፡ ልዩነቱ የዚህኛው ደብዳቤ ዋጋ ነው፡፡

ሁለተኛው የቼርኖቤል ነው፡፡ ማብላያው ጉድለት ነበረበት፤ የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ኃይሉን ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምሩት ይችሉ ነበር፡፡ ይህ ጉድለት በ1983 ሊትዌንያ ውስጥ በሚገኘው ኢግናሊና ማመንጫ ታይቷል፡፡ ነገር ግን በሶቪየት የምስጢራዊነት ሥርዓት ውስጥ በቂ ማስጠንቀቂያ ለቼርኖቤል ኦፕሬተሮች አልተሰጠም፡፡ ሚያዝያ 25 ቀን 1986 ሊካሄድ የታቀደው ሙከራ ኪየቭ የነበሩት የኤሌክትሪክ መረብ ተቆጣጣሪዎች ኃይል ስለፈለጉ ለሰዓታት ዘገየና ሳይዘጋጅበት የሌሊቱ ፈረቃ እጅ ወደቀ፡፡ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን ያ የተደበቀው ጉድለት ማዳኛውን ማጥፊያ አደረገው፡፡ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን በ1986 ባወጣው ሪፖርት ሸክሙን በኦፕሬተሮቹ ላይ ቢጭንም፣ በ1992 ሪፖርቱን አሻሽሎ የዲዛይኑንና የመላውን ሥርዓት ጉድለት አጉልቶ አሳየ፡፡ «የደኅንነት ባህል» የሚለው አነጋገር ወደ ሙያው የገባውም ከዚሁ አደጋ በኋላ ነው፡፡

ሦስተኛው የፉኩሺማ ነው፡፡ የማመንጫው ባለቤት ቴፕኮ ኩባንያ የራሱ ባለሙያዎች በ2008 ባደረጉት ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አሳይተውታል፡፡ ማመንጫው የተዘጋጀው ለ6 ሜትር ያህል ነበር፡፡ የበላይ ኃላፊዎቹ ጉዳዩ እንደገና ይጠና አሉ፡፡ ጥናቱ ሳያልቅ መጋቢት 11 ቀን 2011 ሱናሚው ደረሰ፡፡ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ኑክሌርን በሚያስፋፋው የኢኮኖሚ ሚኒስቴር ሥር ስለነበር የሚቆጣጠረውን ለማስገደድ ጉልበት አነሰው፡፡ የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን በ2012 አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ሲል ደመደመ፡፡ ሊቀ መንበሩ ኪዮሺ ኩሮካዋም አለቃን አለመጠየቅና በጭፍን መታዘዝ በጃፓን ባህል ውስጥ የሰረጹ ምክንያቶች ናቸው ብለው ጻፉ፡፡

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ «ባህላችን ነው» ማለት ማንም ተጠያቂ እንዳይሆን በር ይከፍታል፤ ጃፓን ውስጥም ይህ ትችት ተሰንዝሯል፡፡ ደግሞም ለመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ከፉኩሺማ ይልቅ የሚቀርበው የኦናጋዋ ማመንጫ በዚያው ቀን ተርፏል፡፡ የቶሆኩ ኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበሩት ያኖሱኬ ሂራይ ማመንጫው ከባሕር ወለል 14.8 ሜትር ከፍ ብሎ ካልተሠራ ብለው በመሟገታቸው 13 ሜትር ያህል የነበረው ማዕበል አልደረሰበትም፡፡ እንዲያውም ከ300 በላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ማመንጫው ግቢ ውስጥ ተጠለሉ፡፡ አገሩ አንድ ነው፤ ባህሉም አንድ ነው፡፡ ልዩነቱ በአንደኛው ቤት የተቃወመው ሰው መደመጡ ነው፡፡

ወደ ራሳችን እንመለስ፡፡ እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እያልን ያደግን ሕዝቦች ነን፡፡ «ጎመን በጤና» የሚለውም ከቤት ወጥቶ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሆኗል፡፡ በስብሰባ ላይ ዝም ብሎ በኮሪደር ላይ እውነቱን የሚናገር ባለሙያ በየተቋሙ ሞልቷል፡፡ ኑክሌር ማመንጫ ደግሞ የኮሪደር እውነት ይዞ የሚሠራ ተቋም አይደለም፡፡

አዳዲሶቹ ማብላያዎች ያለ ሰው እጅና ያለ ኤሌክትሪክ ጭምር ራሳቸውን ማቀዝቀዝ የሚችሉበት ሥርዓት ተገጥሞላቸዋል፣ ስለዚህ ሥጋቱ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፡፡ ማብላያዎቹ ከቼርኖቤሎቹ እጅግ የተሻሉ ስለመሆናቸው አልከራከርም፡፡ ነገር ግን የተበላሸውን ብየዳ የሚመዘግበው፣ ጥገናው ሳይጠናቀቅ ለምርቃት ቀን አይደረስም የሚለው፣ መለዋወጫው ዘግይቷልና እናቁም የሚለው አሁንም ሰው ነው፡፡ ሻጩ ማብላያውን ይሸጥልናል፤ ይህን ሰው ግን አይሸጥልንም፡፡

ሰው ይለወጣል ወይ ለሚሉ፣ አቪዬሽን ጥሩ ምስክር ነው፡፡ በ1977 ቴነሪፌ ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ ካፒቴኑን አጥብቆ ለማረም የተቸገረ የበታች ሠራተኛ በአንደኛው አውሮፕላን ውስጥ ነበር፡፡ ከዚያ ዘመን ወዲህ ረዳት አብራሪዎች ካፒቴናቸውን እንዲያርሙ፣ ካፒቴኖችም እንዲታረሙ መሠልጠን ጀመሩ፡፡ የእኛም አብራሪዎች በዚሁ ሥልጠና ያልፋሉ፡፡ ስለዚህ አበሻ አለቃውን አያርምም ማለት አይቻልም፤ ሥርዓት ከተዘረጋለት ያርማል፡፡

በእኔ እምነት የመጀመሪያው አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሦስት ነገሮች ሊታዩ ይገባል፡፡ አንደኛ፣ ተቆጣጣሪው ማመንጫውን ከሚያስፋፋው አካል በሕግም በበጀትም የተለየ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ «አቁሙ» የማለት ሥልጣን ያለው ይሁን፡፡ ጃፓን ይህን ያደረገችው በ2012፣ ከአደጋው በኋላ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ስህተትን ያሳወቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ የሚከላከል ሕግና ሪፖርቱን ተከታትሎ መልስ የሚሰጥ አካል ይኑር፤ ያለዚያ የበርት ደንን ማስታወሻ ዕጣ እንደግመዋለን፡፡ ሦስተኛ፣ ልምምዱ አሁን በእጃችን ባሉት ግድቦች፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎችና የጨረር ሕክምና ክፍሎች ይጀመር፡፡

ይህ ሁሉ ከማብላያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፡፡ የሚጠይቀው ኃላፊዎች መጥፎ ዜና ያመጣላቸውን ባለሙያ አመስግነው እንዲሸኙት ነው፡፡ እስከዚያው ድረስ ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ብድር ውል በሚወራበት መድረክ ሁሉ፣ «ማቆም የሚችለው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጥፋ፡፡