ሲሾም ያልበላ

በአገራችን ከሚነገሩት ምሳሌዎች አንዱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር በየቤቱ ምድጃ ዳር እየተነሣ ስንቱን ቅን ሰው በሚስቱና በልጆቹ ፊት ሲያሳፍር እንደ ኖረ ሁላችን እናውቃለን። በዚህ ወር ስለዚሁ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በቅርቡ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የዕድር አዳራሽ ተገኝቼ ያየሁት የስንብት ጉባኤ ነው።

የሚሰናበቱት ሰው 31 ዓመት በፖሊስነት ያገለገሉ ምክትል ኢንስፔክተር ነበሩ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑኝ አልጽፈውም። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ግን፣ አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡብ በር ላይ ያለ ቦታ መሆኑን ልንገረው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚያ ያልፍ ነበር፤ ፋብሪካዎች በዚያ ተተከሉ፤ ዛሬም ከጂቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና በዚያ መንገድ ይገባል። ሌሊት የሚቆም መኪና፣ በጨለማ የሚራገፍ ጭነት፣ ከፈረቃ የምትመለስ ሴት ሠራተኛ፣ በየመጠጥ ቤቱ የሚነሣ ጠብ፣ ይህ ሁሉ ባለበት ስፍራ ጸጥታ ጠባቂ ሆኖ መኖር እንዴት ያለ ፈተና እንዳለበት መገመት አያስቸግርም። «ለሻይ» ተብሎ በመዳፍ ውስጥ የሚጨበጠውን ብር የማያውቅ ማን አለ?

ስለ ምሳሌው አንድ ነገር ላስረዳ። ቀድሞ ሹም ደመወዝ አልነበረውም። የተሾመበትን አገር «ይበላ» ነበር፤ መብላቱም በጊዜው እንደ ነውር የማይቈጠር፣ የታወቀ የሹመት መተዳደሪያ ነበር። ወንጀለኛም የሚፈለገው በፖሊስ አልነበረም። በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ስፍራ ስርቆት ወይም ግድያ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ በሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ወደ ቤት መመለስ አይፈቀድም፤ የቀረም ይቀጣል። ሌባ ሻይ የሚባለውም ነበረ። ለአንድ ልጅ መድኀኒት አጠጥተው፣ ሲንገዳገድ ሄዶ የገባበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይሉ ነበር፤ በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ እግዚአብሔር ያውቃል።

በከተማ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ጥበቃ ተቋቋመ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ የከተማዪቱ ፖሊስ አለቃ የነበሩት፣ በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ፣ ለጠላት አልገዛም ብለው በሸዋ በረሓ 5 ዓመት ሲዋጉ ኖሩ። ከድል በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942፣ የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ወጣ፤ ፖሊስም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተደራጀ። በዚያው ዓመት በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የአገር ገዥዎች ባለ ደመወዝ ሆኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በእኔ አስተያየት፣ «መብላት» የሚለው ቃል ትርጕሙ ተለውጧል፤ ደመወዝ እያለው የሚበላ ሹም ይሰርቃል እንጂ አይተዳደርም። ምሳሌው ግን ከቀድሞው ዘመን ተሻግሮ ምንም እንዳልተለወጠ ሁሉ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ወደ ጉባኤው ልመለስ። የነፍስ አባታቸው ጸሎት ካደረሱ በኋላ የዕድሩ ዳኛ ተነሥተው የምስጋና ቃል ተናገሩ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጋቢና አንድ የእጅ ሰዓት ተቀምጦ ነበር። በሩቅ አገርም እንዲህ ያለ ልማድ አለ፤ በአሜሪካ ሸሪፍ የሚባለው የወረዳ ጸጥታ ሹም በአብዛኛው ስፍራ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ነውና፣ ዘመኑን ፈጽሞ ሲሰናበት የመረጠው ሕዝብ ተሰብስቦ ያመሰግነዋል። እኔም የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር፤ ጭብጨባ፣ ጋቢ፣ ከዚያም ምሳ።

ኢንስፔክተሩ ግን ጋቢውን አልተቀበሉም። ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ይህን ከመልበሴ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ገንዘቡን የወሰድሁበት፣ ያለ ጥፋቱ የመታሁት፣ ያለ ፍርድ ያጉላላሁት ሰው ካለ እዚሁ በፊቴ ይናገር።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የዕድሩ ዳኛ፣ «ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን ያስፈልጋል?» ብለው ሊያስቀምጧቸው ፈለጉ። እርሳቸው ግን አልተቀመጡም።

በዚያን ጊዜ በልቤ የመጣው በቀዳማዊ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 የተጻፈው ነገር ነው። ሳሙኤል ሸምግሎ፣ ጠጕሩ ሸብቶ፣ ሥልጣኑን ለንጉሥ በሚያስረክብበት ጊዜ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፣ የማንን አህያ እንደ ወሰደ፣ ማንን እንደ በደለ፣ ከማን እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ እንዲመሰክሩበት ጠየቃቸው፤ ካለም እመልሳለሁ አለ። ሕዝቡም ምንም እንዳልወሰደ መሰከሩለት። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው የሳሙኤልን ቅድስና ለማድነቅ ነው። እኔ ግን እንደ አውጫጭኝ ሆኖ ታየኝ፤ የእኛ አባቶች ሌባውን ለማውጣት ሜዳ ላይ ይሰበሰቡ እንደ ነበር ሁሉ፣ እዚያ ሕዝቡ የተሰበሰበው ንጹሑን ለማውጣት ነው። ሹመኛው ራሱ ተጠያቂ ሆኖ፣ ራሱ ጉባኤውን ጠርቶ ቆመ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሳሙኤል በዚያው ንግግሩ ልጆቹ ከሕዝቡ ጋር እንዳሉ ያነሣል። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ ኢዮኤልና አብያ የተባሉት እነዚያ ልጆች በቤርሳቤህ ፈራጆች ሆነው መማለጃ ይቀበሉ ነበር። አባት ንጹሕ ሆኖ ቤቱ ንጹሕ ሳይሆን መቅረቱ እንደሚቻል መጽሐፍ አልደበቀም። ስለዚህ የሹም ንጽሕና በቢሮው ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ በጓዳውም ይፈተናል።

በአዳራሹ በመጀመሪያ የተነሣው ባለ ሱቅ ነበር፤ የተሰረቀበትን ዕቃ አስመልሰውለት ለምስጋና የሰጠውን ብር እንዳልተቀበሉ ተናገረ። ሌሎችም ሁለት ሦስት ሰዎች መሰከሩ። ከዚያ በኋላ አንዲት በመቋሚያ የተደገፉ አሮጊት ከኋላ ተነሡ።

«ልጄን በደመራ ዋዜማ አስረኸዋል» አሉ። «ሌባው ሌላ ነበር። በማግሥቱ ፈታኸው። እኔ ግን በበር ቆሜ ሳለሁ፣ ተሳስቼ ነው እንኳ ሳትለኝ በአጠገቤ አለፍህ። ይኸው 14 ዓመት ሆነኝ።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተሩ ወደ አሮጊቲቱ ሄደው ጐንበስ ብለው ጕልበታቸውን ነኩ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው» አሉ። «ያን ቀን አይቼዎታለሁ። አፍሬ ነው ያለፍሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

አሮጊቲቱም ጥቂት ቆይተው፣ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ» አሉ። ወዲያውም ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ብር ግን አልጠየቀኝም። ይህን ደግሞ ተናገሩለት» አሉ። ጋቢውን አንሥተው በትከሻቸው ላይ ያደረጉላቸው እርሳቸው ናቸው።

ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ከኢንስፔክተሩ ባለቤት አጠገብ ተቀመጥሁ። በጉባኤው ጊዜ ከሴቶቹ መካከል በስተኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸውን ያነሣ ተናጋሪ አልነበረም፤ ለእርሳቸው የተዘጋጀ ነጠላም አልነበረም። ይህ የዕድሩ ሹማምንት ጕድለት ነው፤ ቢቀየሙኝም እናገረዋለሁ። አንድ ፖሊስ 31 ዓመት ሌሊት ሲያድር፣ 31 ዓመት ቤቱን ብቻዋን የምትዘጋ ሴት አለች።

ከነገሩኝ ሁሉ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ልጆቻቸው ገና ትንንሾች ሳሉ፣ በቅዳሜ ሹር አንድ ባለ መኪና ሙክት በግ ላከ። ባለቤታቸው በሥራ ላይ ነበሩ። እርሳቸውም ላኪው ማን እንደ ሆነ ብዙም ሳይመረምሩ በጉን ተቀብለው በጓሮ አሰሩት፤ የወር ደመወዝ አልቆ፣ ለበዓሉ አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረቻቸው። ልጆቹ ሣር እያመጡ ሲያበሉት ዋሉ፤ ስምም አወጡለት። ኢንስፔክተሩ ማታ ገብተው በጉን አዩ፤ ከማን እንደ መጣ ጠየቁ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ ገመዱን ፈትተው በጨለማ እየጐተቱ ይዘውት ሄዱ። ልጆቹ እያለቀሱ እስከ በር ተከተሏቸው።

«በዚያ ፋሲካ በዶሮ ፈሰክን» አሉኝ። «ከእርሱ ጋር ግን አንድ ዓመት ያህል ልቤ አልታረቀም። ጎረቤቶቻችን ቤት ሲሠሩ እኛ በኪራይ ነበርን። ትልቁ ልጄ ‹አባባ ሞኝ ነው› ብሎኝ ያውቃል፤ እኔም አልገሠጽሁትም።»

«ዛሬስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዛሬማ አሮጊቲቱ ሲነሡ ልቤ ቆሞ ነበር» አሉ፤ «ብር ወሰደብኝ ሊሉ ነው ብዬ ሳይሆን፣ ምናልባት እኔ የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሰው ባሉን እንኳ እስከ መጨረሻው አያውቅም።»

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የመጣ ነው፤ ልጅ ወላጁን እንደሚጦር መንግሥት አገልጋዩን ይጦራል ማለት ነው። ስለ መንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1961 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 እንደ ተደነገገው፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ ያዋጣ ነበር፤ የሚያገኘውም አበል ከአማካይ ደመወዙ ከ70 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ሰባ ከመቶ ከትንሽ ደመወዝ ላይ ሲሰላ ምን ያህል እንደሚሆን የቤት ወጪ የምትይዝ እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ኢንስፔክተሩ አሁንም በኪራይ ቤት ናቸው። በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ቅንነት ወዲያው በገንዘብ ይከፈላል ብዬ አንባቢን አላታልልም፤ አልተከፈላቸውም።

ከአዳራሹ ልንወጣ ስንል የዕድሩ ጸሐፊ የጉባኤውን ቃል በመዝገቡ ላይ ጽፎ ጮኾ አነበበ። የአሮጊቲቱን ቅሬታ ትቶት ነበርና ኢንስፔክተሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት፤ እርሱም ይጻፍ፣ ይቅርታውም ይጻፍ አሉ። ጸሐፊው በኅዳጉ ላይ በጠባብ ቦታ ጨመረው። አሮጊቲቱ ፊደል ስለማያውቁ በስማቸው አንጻር የአውራ ጣታቸውን አሻራ አደረጉ።

የበጉ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የለም፤ ባለቤትየዋ የነገሩኝ በኋላ፣ በቡና ላይ ነውና።