አፍንጫችንን አታቃጥሉብን

ሳይነስን «ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል» እያሉ በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት በሚሸጡ ሰዎች ላይ ተቆጥቻለሁ፤ አለሳልሼም አልናገርም። ዱቄቱ አዲስ አበባ አለ፣ ቲክቶክ ላይ አለ፣ በእኛም በመተማ ቆላ ገበያ አለ። ከምን እንደተፈጨ የሚናገር የለም። ሲጠየቁ «የአባቶች ምስጢር ነው» ይላሉ። አባቶቻችን የሰው አፍንጫ የማቃጠል ምስጢር አላወረሱንም!

ሰውዬው ዱቄቱን ይስባል። ወዲያው ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ከዚያ ከአፍንጫው ቢጫ ውሃ ይንዠቀዠቃል። ሻጩ «አየህ፣ በሽታው ወጣልህ» ይለዋል። ውሸት ነው። በርበሬ የገባበት ዓይን ያለቅሳል፤ አለቀሰ ተብሎ ግን ዳነ አይባልም። የሚወርደው ፈሳሽ የአፍንጫው ስስ ሽፋን ሲቃጠል ራሱን ለማጠብ የሚያመነጨው ነው። በግንባራችን፣ በጉንጫችን፣ በዓይኖቻችን መካከልና ከኋላቸው ሳይነስ የሚባሉ 4 ጥንድ የአየር ክፍተቶች አሉ። ወደ አፍንጫ የሚከፈቱበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ጉንፋን ወይም አቧራ ሽፋኑን ሲያሳብጠው ቀዳዳው ይዘጋል፣ ንፍጡ ውስጥ ይቀራል፣ ፊት ይከብዳል፣ ራስ ይፈልጣል። በሽታው እብጠት ሆኖ ሳለ ያበጠውን ሥጋ መልሶ ማቃጠል ሕክምና ሊባል አይችልም።

ገዢው ማን እንደሆነ ሳስብ ደሜ ይፈላል። ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርመውና የሚያጭደው የጉልበት ሠራተኛ፣ ሳሉጉ ነው። ነዶው ደርቆ ሲራገፍ አቧራውን ቀኑን ሙሉ ይውጣል፣ ሌሊት ማሳው ዳር ያድራል፣ አፍንጫው ይታፈናል። የአጨዳ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገዛው ሥቃይን ነው። ዘመዴ የሆነ ወጣት ይህንኑ ዱቄት ስቦ ሌሊቱን ሲደማ አድሯል። ሲነጋ ሻጩን ቢጠይቀው «ጨምርበት» አለው።

የቤት መድኃኒት ጠላት አይደለሁም። እናቶቻችን ዝንጅብል በማር አፍልተው አጠጥተውናል፣ ዳማከሴ አሽተው ሰጥተውናል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለው ጋቢ አከናንበው አጥነውናል። ማንኛዋም እናት ግን «ከሥሩ ነቀልኩልህ» አላለችም። ያለችው «ቀለል ይልሃል» ነው፤ ቃሏም እውነት ነበር። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ንፍጥን ያቀጥናል። አብዛኛው ድንገት የሚነሳ የሳይነስ ሕመም ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ በ10 ቀን ገደማ በራሱ ይሻላል። ለዚህም ነው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን መዋጥ ከንቱ የሚሆነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አፍንጫ የሚከፍት ጠብታም ከ5 ቀን በላይ ከዋለ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

ስለ እንፋሎት ግን ሐቁን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሳይነስ የሚመላለስባቸውን 871 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። አፍንጫቸውን በጨው ውሃ ያጠቡት መጠነኛ ለውጥ አገኙ፤ እንፋሎት ግን የረባ ጥቅም አልታየበትም። ለእኛ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሚያዝያ መተማ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚታጠን ማን ነው? ሕፃንን በፈላ ድስት ላይ ማጎንበስማ ፈጽሞ አይሞከር፤ ድስቱ ከተደፋ የልጅ ፊት ይላጣል። ለቆላ የሚስማማው የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው ይበቃል፤ 2 የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጎንበስ ብሎ፣ በአፍ እየተነፈሱ፣ በአንዱ ቀዳዳ በቀስታ አፍስሶ በሌላው ማውጣት ነው። ይህን ዱቄት ሻጩ አይነግራችሁም፤ ከጨው ምን ያተርፋል?

ውሃው ላይ ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ከቧንቧ፣ ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ አፍንጫ ውስጥ አይግባ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አጥበው ሞተዋል። ገዳዩ ኔግሌሪያ የሚባል፣ ሞቃት ውሃ የሚወድ አሜባ ነው፤ ሲጠጣ አይጎዳም፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን ወደ አንጎል ይዘልቃል። በእኛ ቆላ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ጎንደር ከተማን በመሰለ ከፍታ 3 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

ነጭ እጣን ከመተማና ከቋራ ጫካ ይወጣል፤ የእኛ ሀብት ነው፣ ሽታውንም እወደዋለሁ። አፍንጫው የታፈነ ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ማጨስ ግን ይቅር፤ ከሰሉም ውጭ ይቀጣጠል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ በ«ሳይነስ» ስም የሚባክነው ቀን ነው። መተማ የወባ አገር ነው፣ የካላዛር አገር ነው። ራስ ምታት ከትኩሳት ጋር ከመጣ ሰውዬው ዱቄት ሊሰጠው አይገባም፤ ደሙ በዚያው ቀን ይመርመር። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነቱ ከከሳ፣ ግራ ጎኑ ካበጠ፣ ነስር ካስቸገረው ካላዛር ሊሆን ይችላል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ካልታከመ ከ100 ሰው 95ቱን ይገድላል። ሕክምናው እያለ አንድ የጉልበት ሠራተኛ በገበያ ዱቄት ተታልሎ ቢሞት፣ ያን ሞት በሻጩ ትከሻ ላይ እጭነዋለሁ። ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ እይታ ከተደራረበ ወይም አንገት ከደረቀም ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይኬድ።

የሰሊጥ ባለሀብቶች፣ እናንተንም አልምርም። ማሳችሁ ላይ የፈላ ንጹሕ ውሃ፣ ጨውና የአፍ መሸፈኛ ማቅረብ ከአንድ ኩንታል ሰሊጥ የሚበልጥ ወጪ አይደለም። የዞኑ ጤና መምሪያና የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችም ሠራተኛው ከመግባቱ በፊት ገበያ ውረዱ። ዱቄቱን ውሰዱ፣ አስመርምሩት፣ ውስጡ ያለውን በአደባባይ ንገሩን።